ክፍልፋይና አስርዮሽ ያለ ካልኩሌተር፦ ከሚራስ ደርስ እስከ ፈተና አዳራሽ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ባለፈው ክረምት ዓለም ጤና ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቲቶሪያል እንሰጥ ነበር። አንድ ቀን «0.375 × 64 ስንት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ሁሉም ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው አንዱን ከአንዱ በታች ጽፈው ማባዛት ጀመሩ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ፈጀባቸው፤ ጥቂቶቹም ነጥቡን ቦታው ላይ አላስቀመጡትም። ቀጥለን ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አመጣነው፦ «64 ኩንታል ሽንኩርት ለስምንት እኩል ቢከፈልና ሦስቱ እጅ ያንተ ቢሆን ስንት ኩንታል ይደርስሃል?» ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እርሳሱን ሳያነሳ «24» አለ። 64ን ለ8 ሲያካፍሉት 8፣ 8 በ3 ሲባዛ 24። በቃ።

ጥያቄው ያው ነበር። 0.375 እና 3/8 አንድ ቁጥር ናቸው፤ የተቀየረው ልብሳቸው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልእክትም ይኸው ነው፦ በፈተና ላይ ጊዜያችንን የሚበላው ብዙውን ጊዜ አለማወቅ ሳይሆን፣ ቁጥሩን በመጣበት መልክ ለማስላት መታገላችን ነው። ስለዚህ ከማስላታችን በፊት «ይህ ቁጥር በየትኛው መልኩ ይቀለኛል?» ብለን እንጠይቅ።

ለምን ያስፈልገናል?

በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይፈቀድም። እኛም ግቢ ከገባን በኋላ በፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስ፣ ኋላም በመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደምን እንሠራለን። 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ቢሰጠን ለአንዱ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለቱን ደቂቃ በአንድ ማባዛት ላይ ከጨረስን ጥያቄውን አንብቦ ለመረዳት ምንም አልተረፈንም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ማስታወቁ ይታወሳል። 3.3 ከመቶ ስንባል ቁጥሩ ዝም ብሎ ያልፈናል። ወደ ክፍልፋይ እንቀይረው፦ 3.33 ከመቶ ማለት 1/30 ነው። ከሠላሳ ተፈታኝ አንዱ ማለት ነው። ቁርኣን የሚሐፍዝ ተማሪ ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ከ30 ጁዝ አንድ ጁዝ ማለት ነው። 900,000ን ለ30 ስናካፍል 30,000 እናገኛለን፤ ያለፉት ቁጥርም በእርግጥ 30 ሺህ ያህል ነበር። መልኩን ስንቀይር ስሌቱ ቀለለ፤ የነገሩ ክብደት ግን ይበልጥ ታየን።

ሁለት ቤተሰብ፣ ስድስት ቁጥር

ቃላቱን እናስተካክል። አንዳንዶቻችን አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ፣ አንዳንዶቻችን በአማርኛ፣ ሌሎቻችን በሶማሊኛ ተምረን ኋላ ላይ በእንግሊዝኛ ተገናኝተናል። እዚህ ላይ ከመስመሩ በላይ ያለውን ቁጥር ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ታሕት እንላለን።

በቃል መያዝ ያለብንን ሰንጠረዥ ከመድረሳ እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ የደነገጋቸው የውርስ ድርሻዎች ስድስት ናቸው፤ የሚራስ ደርስ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃቸዋል። የፈራኢድ መምህራንም ለማስታወስ እንዲመች በሁለት ቤተሰብ ይከፍሏቸዋል።

የመጀመሪያው ቤተሰብ፦ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ። 1/2 = 0.5፤ 1/4 = 0.25፤ 1/8 = 0.125።

ሁለተኛው ቤተሰብ፦ ሁለት ሲሶ፣ ግማሹ፣ የዚያም ግማሽ። 2/3 = 0.666…፤ 1/3 = 0.333…፤ 1/6 = 0.1666…።

የመጀመሪያው ቤተሰብ አስርዮሽ ያልቃል፤ የሁለተኛው አያልቅም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመቁጠሪያችን መሠረት 10 ነው፤ 10 ደግሞ 2 × 5 ነው። አንድ ክፍልፋይ እስከ መጨረሻው ከተቃለለ በኋላ ታሕቱ ከ2 እና ከ5 ብቻ የተሠራ ከሆነ አስርዮሹ ያልቃል። 3፣ 7፣ 11 ወይም ሌላ ፕራይም ቁጥር ከገባበት ግን እየተደጋገመ ይቀጥላል። ከዚህ የምናወጣው ደንብ፦ ታሕቱ 2 እና 5 ብቻ ከሆነ ወደ አስርዮሽ መሄድ ይቻላል፤ 3 ወይም 7 ካለበት እስከ መጨረሻው በክፍልፋይ እንሥራ።

በእነዚህ ላይ ጥቂት እንጨምር። 1/5 = 0.2፤ 1/16 = 0.0625፤ 1/20 = 0.05፤ 1/25 = 0.04፤ 1/40 = 0.025፤ 1/9 = 0.111…፤ 1/11 = 0.0909…፤ 1/12 = 0.0833…። 1/7 = 0.142857… ሲሆን የሌሎቹ ሰባተኛዎች አሃዞችም እነዚያው ስድስቱ ናቸው፤ መነሻቸው ብቻ ይለያያል። ለምሳሌ 2/7 = 0.285714… ነው።

ከእነዚህ ብዜቶቻቸው ይወጣሉ። 3/8 የ0.125 ሦስት እጥፍ ነው፤ 0.375። 5/8 ደግሞ ግማሽና አንድ ስምንተኛ ነው፤ 0.5 + 0.125 = 0.625። 7/8 ከ1 ላይ 0.125 ይጎድለዋል፤ 0.875። የሚሸመደዱት ጥቂት ናቸው፤ የቀሩት ይገነባሉ።

ክፍልፋይን በዓይን ማቃለል

84/126 ቢመጣ ከየት እንጀምር? የተለመዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

በ2፦ የመጨረሻው አሃዝ ሙሉ ቁጥር (0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8) ከሆነ።
በ5፦ የመጨረሻው አሃዝ 0 ወይም 5 ከሆነ።
በ4፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች በ4 ከተካፈሉ።
በ8፦ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በ8 ከተካፈሉ።
በ3 እና በ9፦ የአሃዞቹ ድምር በ3 ወይም በ9 ከተካፈለ።
በ11፦ አሃዞቹ አንዱ ሲደመር ሌላው ሲቀነስ ውጤቱ 0 ወይም የ11 ብዜት ከሆነ።

84/126 ሁለቱም በ2 ይካፈላሉ፤ 42/63። የአሃዞቻቸው ድምር 6 እና 9 ስለሆነ በ3 ይካፈላሉ፤ 14/21። ከዚያ በ7፤ 2/3። ሦስት እርምጃ ወሰደብን።

ከዚህ የሚያጥር መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውን ማየት። ሁለት ቁጥሮችን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ልዩነታቸውንም ያለ ቀሪ ያካፍላል። ይህ ከዩክሊድ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ እውነት ነው። 126 − 84 = 42። ስለዚህ የጋራ አካፋያቸው በ42 ውስጥ ነው። 42 ራሱ ሁለቱንም ያካፍላል፤ 84 ሁለት 42 ነው፤ 126 ሦስት 42 ነው። መልሱ 2/3። አንድ እርምጃ።

ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ምልክቶቹ በማይሠሩበት ቦታ ነው። 91/119ን እንመልከት። በ2 አይካፈሉም፤ በ3 አይካፈሉም፤ በ5 አይካፈሉም። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ «ይህ አይቃለልም» ብለን እናልፋለን። ልዩነቱ ግን 28 ነው፤ 28 ከ2 እና ከ7 የተሠራ ነው። 2 ስለማይሆን 7ን እንሞክር፦ 91 = 7 × 13፤ 119 = 7 × 17። መልሱ 13/17። ሌላ፦ 221/247። ልዩነቱ 26 ነው፤ ያ 2 × 13 ነው። 13ን እንሞክር፦ 221 = 13 × 17፤ 247 = 13 × 19። መልሱ 17/19።

ከማባዛት በፊት ማቃለል

35/48 × 36/49 ቢመጣ 35ን በ36፣ 48ን በ49 አናባዛም። አንዱን ላዕል ከሌላው ታሕት ጋር በሰያፍ እናገናኛለን። 35 እና 49 በ7 ይቃለላሉ፤ 5 እና 7 ይሆናሉ። 36 እና 48 በ12 ይቃለላሉ፤ 3 እና 4 ይሆናሉ። የቀረው 5/4 × 3/7 = 15/28 ነው። ትልልቅ ቁጥር ፈጥረን መልሰን ከማፍረስ መጀመሪያውኑ አለመፍጠር ይሻላል።

ጥንቃቄ! ይህ የሚሠራው በማባዛት ብቻ ነው። (12 + 5)/12 ላይ 12ን ከ12 ሰርዘን 5 ወይም 6 ብንል ስህተት ነው፤ መልሱ 17/12 ነው። የመደመር ምልክት ያለበትን ላዕል በአንድ ቁራጩ ብቻ ማቃለል አይቻልም። ይህ ስህተት ፍሬሽማን ላይ በ«ኤክስ» እና በ«ዋይ» ሲመጣ ብዙ ማርክ ያስጥላል።

አስርዮሽን ማንቀሳቀስ

በአስርዮሽ ማካፈል ሲመጣ ነጥቡን እናጥፋው። 3.6 ÷ 0.045 ቢሆን ሁለቱንም በ1,000 እናባዛ፤ 3,600 ÷ 45። 45 × 8 = 360 ስለሆነ መልሱ 80 ነው። ሁለቱን በእኩል ካባዛን ውጤቱ አይለወጥም፤ ክፍልፋይን ከማስፋት የተለየ ነገር አይደለም።

በ5 ማካፈል ከከበደን እጥፍ አድርገን ለ10 እናካፍል። 437 ÷ 5 = 874 ÷ 10 = 87.4። በ25 ማካፈል በ4 አባዝቶ ለ100 ማካፈል ነው። 317 ÷ 25 = 1,268 ÷ 100 = 12.68። በ125 ማካፈል በ8 አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው።

በተቃራኒው፣ በ0.25 ማባዛት ለ4 ማካፈል ነው፤ አራት ስሙኒ አንድ ብር መሆኑን ከአባቶቻችን የሰማን ሁሉ እናውቀዋለን። በ0.125 ማባዛት ለ8 ማካፈል፣ በ0.125 ማካፈል ደግሞ በ8 ማባዛት ነው። የ720 12.5 ከመቶ ሲጠየቅ 720 ÷ 8 = 90 ብለን እናልፋለን።

ማለቂያ የሌለው አስርዮሽ ሲመጣ፣ ድግግሞሹ ከነጥቡ ቀጥሎ የሚጀምር ከሆነ የሚደጋገመውን በ9ኞች ላይ እናስቀምጥ። አንድ አሃዝ ከተደጋገመ በ9፣ ሁለት ከተደጋገሙ በ99። 0.3636… = 36/99 = 4/11። ድግግሞሹ ዘግይቶ ከጀመረ ግን የምናውቃቸውን ሁለት ቁጥሮች እንፈልግበት። 0.8333… = 0.5 + 0.3333… = 1/2 + 1/3 = 5/6። 0.58333… = 0.25 + 0.3333… = 1/4 + 1/3 = 7/12።

የትኛው ይበልጣል?

ሁለት ክፍልፋዮችን ለማወዳደር የጋራ ታሕት መፈለግ ግዴታ አይደለም። 5/7 እና 8/11ን በሰያፍ እናባዛ፤ 5 × 11 = 55፤ 8 × 7 = 56። የ8/11 ላዕል የገባበት ብዜት ስለበለጠ 8/11 ይበልጣል።

ሁለቱም ወደ 1 የቀረቡ ከሆኑ የጎደላቸውን እንይ። 17/18 ወደ 1 ለመድረስ 1/18 ይጎድለዋል፤ 23/24 ደግሞ 1/24። አነስተኛ የጎደለው ይበልጣል፤ ስለዚህ 23/24። ሁለቱ በግማሽ ግራና ቀኝ ከሆኑ ደግሞ ምንም ስሌት አያስፈልግም። 7/15 ከግማሽ ያንሳል፤ 9/17 ከግማሽ ይበልጣል።

በምርጫ ጥያቄ ላይ መልሶቹን አስቀድሞ ማየትም ይጠቅማል። 0.49 × 61.2 ÷ 2.97 ቢጠየቅና ምርጫዎቹ 1.01፣ 10.1፣ 101 እና 1,010 ቢሆኑ፣ የ60 ግማሽ 30፣ 30 ÷ 3 = 10 ብለን 10.1ን እንመርጣለን። ምርጫዎቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ግን ግምት አይበቃም፤ በትክክል እናስላ።

ዘካ ላይ እንለማመድ

ዓመት የሞላውና ኒሷብ የደረሰ ገንዘብ ዘካው 2.5 ከመቶ ነው፤ ይኸውም 1/40። በ0.025 ማባዛት አያስፈልግም። ግማሹ፣ የግማሹ ግማሽ፣ ከዚያ ለ10። 128,000 ብር፦ 64,000፤ 32,000፤ 3,200። መልሱ 3,200 ብር።

እህል ላይ ደግሞ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት መሠረት ዝናብ ያጠጣው 1/10፣ በድካምና በወጪ የተጠጣው የዚያ ግማሽ፣ 1/20 ይወጣበታል። የኛ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዓለም ጤናና በመቂ ዙሪያ አንዱ ማሳ በክረምት ዝናብ ጤፍ ያበቅላል፤ ሌላው በጋ ላይ በሞተር ፓምፕ እየተጠጣ ስንዴ ይሰጣል። ኒሷብ ሞልቶ 24 ኩንታል ጤፍ በዝናብ ቢገኝ ዘካው 2.4 ኩንታል፣ ማለትም 240 ኪሎ ነው። 24 ኩንታል ስንዴ በፓምፕ ቢገኝ 1.2 ኩንታል፣ 120 ኪሎ ነው። ግማሹን ጊዜ በዝናብ፣ ግማሹን በፓምፕ የለማ እህል ደግሞ ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት የዑሽሩ ሦስት ሩብ ይወጣበታል። 3/4 × 1/10 = 3/40 = 0.075፤ ከ24 ኩንታል 1.8 ኩንታል። (ሽንኩርትና ቲማቲም ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ምሳሌያችንን በእህል አድርገናል።)

እዚህ ላይ ነጥብ አንድ ቦታ ብትዛነፍ 240 ኪሎ የነበረው 24 ኪሎ ይሆናል። የፈተና ማርክ ላይ አንድ ጥያቄ ሊመስለን ይችላል፤ ገበያ ላይና ዘካ ላይ ግን የድሃ ሐቅ ነው።

ሚንበር ላይ የተመለሰ ጥያቄ

ፈጣን የአእምሮ ስሌት አዲስ ነገር እንዳልሆነ የሚያሳይ፣ በፈራኢድ ደርስ «አል-ሚንበሪያ» ተብሎ የሚታወቅ ጉዳይ አለ። ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው፣ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ ወዲያው እንደመለሱት ይዘገባል። ጥያቄው፦ አንድ ሰው ሞቶ ሚስቱ፣ ሁለት ሴት ልጆቹ፣ እናቱና አባቱ ወረሱት። የሚስት ድርሻ ምን ያህል ይሆናል?

እኛ ቀስ ብለን እንሥራው። የሚስት ድርሻ 1/8፣ የሁለቱ ሴት ልጆች 2/3፣ የእናት 1/6፣ የአባት 1/6 ነው። ታሕቶቹ 8፣ 3 እና 6 ናቸው። የጋራ ታሕት ለማግኘት ትልቁን ይዘን ብዜቱን እንቁጠር፦ 8 በ3 አይካፈልም፤ 16 አይካፈልም፤ 24 በ3ም በ6ም ይካፈላል። ስለዚህ 24። ይህን ቁጥር የፈራኢድ ሰዎች አስሉል መስአላ ይሉታል።

1/8 = 3/24፤ 2/3 = 16/24፤ 1/6 = 4/24፤ ሌላው 1/6 = 4/24። ሲደመር 27/24። ከ1 በለጠ! ያለው 24 እጅ ሆኖ ባለ ድርሻዎቹ የሚጠይቁት 27 እጅ ሆነ። እንዲህ ሲሆን በዐውል ደንብ ታሕቱ ወደ 27 ከፍ ይላል፤ ሁሉም በየድርሻው መጠን እኩል ይቀንስለታል። የሚስት ድርሻ 3/27 ሆነ፤ ሲቃለል 1/9። የዐሊይ (ረ.ዐ.) መልስም ስምንተኛዋ ዘጠነኛ ሆነ የሚል ነበር።

በገንዘብ እንየው። ውርሱ 540,000 ብር ቢሆን አንዱ እጅ 540,000 ÷ 27 = 20,000 ነው። ሚስት 60,000፤ ሁለቱ ልጆች 320,000 (ለእያንዳንዳቸው 160,000)፤ እናት 80,000፤ አባት 80,000። ሲደመር በትክክል 540,000 ይመጣል። 1/8ን ዝም ብለን ብንሰጥ ኖሮ 67,500 ይሆን ነበር፤ ትርፉ 7,500 ብር ከሌሎቹ ይነሳል ማለት ነው።

በአስርዮሽ ብንጀምረውስ? 0.125 + 0.667 + 0.167 + 0.167 = 1.126። ከ1 መብለጡን ያሳየናል፤ 27/24 መሆኑን ግን ይደብቀናል። ለዚህ ነው 3 በታሕት ውስጥ ሲኖር በክፍልፋይ እንሥራ ያልነው። (በእውነተኛ ውርስ ላይ ዕዳ፣ ኑዛዜና የወራሾች ሁኔታ ስለሚገባበት ጉዳዩ ወደ ዓሊም ይወሰዳል፤ እዚህ የተመለከትነው ስሌቱን ብቻ ነው።)

ይህ እውቀት ከየት እንደመጣ ማወቅም ብርታት ይሰጣል። አል-ኸዋሪዝሚ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ባግዳድ ውስጥ አል-ጀብርን ሲጽፍ የመጽሐፉን ሰፊ ክፍል ለውርስና ለኑዛዜ ስሌት ነበር የሰጠው። አል-ኡቅሊዲሲ በ341 ዓመተ ሂጅራ ደማስቆ ውስጥ በጻፈው መጽሐፍ በአስርዮሽ ክፍልፋይ ተጠቅሟል። አል-ካሺ ደግሞ በ1427 እ.ኤ.አ. ሰመርቀንድ ሆኖ አስርዮሽን በሰፊው አስተማረ። የመድረሳው ሰሌዳና የክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ከጥንትም የተለያዩ አልነበሩም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንደኛ፦ 1/2 + 1/3 = 2/5 ማለት። 2/5 = 0.4 ነው፤ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረን ከግማሽ በታች ልንሆን አንችልም። ትክክለኛው 5/6 ነው።

ሁለተኛ፦ 0.125 ከ0.3 ይበልጣል ማለት። አሃዝ መብዛቱ አያሳስተን፤ 0.3 ማለት 0.300 ነው።

ሦስተኛ፦ 0.3 × 0.2 = 0.6 ማለት። ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ስናባዛ ይቀንሳል፤ መልሱ 0.06 ነው።

አራተኛ፦ ሳያቃልሉ መልስ መፈለግ። 18/42 አግኝተን ምርጫው ውስጥ ብናጣው ስሌቱ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ 3/7 ሆኖ ተቀምጦ ይሆናል።

መልመጃ

ያለ ካልኩሌተር፣ በተቻለ መጠን ያለ እርሳስ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሞክሩት። ዶርም ውስጥ ሁለት ሁለት ሆኖ መጠያየቅ ይሻላል።

1. 78/117ን አቃልሉ።
2. 133/171ን አቃልሉ።
3. 0.625 × 56
4. 4.2 ÷ 0.035
5. 0.4545…ን በክፍልፋይ ጻፉ።
6. ከ7/12 እና ከ11/19 የትኛው ይበልጣል?
7. 27/64 × 40/63
8. የ96,400 ብር ዘካ ስንት ነው?
9. 1/8 − 1/12
10. አንዲት ሴት ሞታ ባሏና ሁለት የእናት የአባት እህቶቿ ወረሷት። የባል 1/2፣ የእህቶች 2/3 ነው። በዐውል የእያንዳንዱ ወገን ድርሻ ስንት ይሆናል?

መልሶች፦ 1) 2/3፤ 2) 7/9፤ 3) 35፤ 4) 120፤ 5) 5/11፤ 6) 7/12፤ ምክንያቱም 7 × 19 = 133፣ 11 × 12 = 132፤ 7) 15/56፤ 8) 2,410 ብር፤ 9) 1/24፤ 10) 3/6 + 4/6 = 7/6 ስለሆነ ታሕቱ 7 ይሆናል፤ ባል 3/7፣ እህቶች 4/7።

ከአሥሩ ሰባትና ከዚያ በላይ ያገኘ፣ ለአንድ ለሚከብደው ወንድም ወይም ለሚከብዳት እህት ያስረዳ። እኛም ነገሩ በደንብ የገባን ዓለም ጤና ላይ ለሌሎች ስናስረዳ ነው። ከአምስት በታች ያገኘ ተስፋ አይቁረጥ፤ በየቀኑ ከፈጅር በኋላ አሥር ደቂቃ፣ ለሦስት ሳምንት ይሞክር። ሒፍዝ እንደሚደረግ ሁሉ ቁጥርም በሙራጀዓ ይጸናል።

በራሱ ጭንቅላት የሚያሰላ ሰው ፈተና አዳራሽ ውስጥ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት አያማትርም፤ ጊዜውም አማናውም ተጠብቆለት ይወጣል። ነገ ደግሞ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ነጋዴ ሆኖ የሰው ሐቅ በእጁ ሲገባ፣ አንድ ስምንተኛ መቼ ዘጠነኛ እንደሚሆን ያውቃል። አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይጨምርልን፤ ፈተናውንም ያግራልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።